ሃያ ሁለቱ ዶላር ከአሥራ ዘጠኙ ይበልጣል?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ። የ31 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በዲቪ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት አለፈኝ። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ ባንክ ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚህ ግን ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። በሰዓት 19 ዶላር ይከፈለኛል፣ በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ፣ ኢንሹራንሱም ጥሩ ነው። ባለቤቴ ኡበር ስለሚነዳ የቤተሰቡ ኢንሹራንስ በእኔ ሥራ በኩል ነው።

ሥራው አይከብድም። የሚከብደኝ ከጠዋት እስከ ማታ አንድም አዲስ ነገር ሳልማር መዋሌ ነው። በቅርቡ “በ12 ሳምንት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ተምራችሁ ዴንታል አሲስታንት (የጥርስ ሐኪም ረዳት) ሁኑ” የሚል የትምህርት ቤት ማስታወቂያ አየሁ። ክፍያው 5,500 ዶላር ነው። ደውዬ ስጠይቅ “ስትጨርሺ ከ22 ዶላር በታች አትጀምሪም” አሉኝ። ቦታ ለመያዝ እስከ ወሩ መጨረሻ 500 ዶላር አስይዢ ብለውኛል።

አክስቴ ስትሰማ ተቆጣች። “ዕድሜ ልክሽን ረዳት ስትባዪ ልትኖሪ ነው? ነርሲንግ ግቢ” ትላለች። ባለቤቴ አትማሪ አላለኝም፤ ግን የቆጠብናት ገንዘብ ለመኪናው ጥገና የተቀመጠች ስለሆነች ዝም ማለቱ ይገባኛል። እናቴም በየወሩ እጄን ትጠብቃለች። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ሲያወሩኝ ግን እደናገጣለሁ። እውነቱን ለመናገር “ረዳት” የሚለው ስም እኔንም ቅር ይለኛል። ባንክ ሳለሁ ጠረጴዛዬ ላይ ስሜ ተጽፎ ነበር። ያም ሆኖ ስክራብ ለብሼ ሥራ ስገባ ይታየኛል። ልግባበት ወይስ ልተወው? ክፍያውስ፣ የወደፊት ዕድሉስ እንዴት ነው?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ምላሽ

ውድ እህታችን፣ ቤታችሁን ዝም ያሰኘው ገንዘቡ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

የነገሩሽ 22 ዶላር ከየትም የመጣ ቁጥር አይደለም። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሜይ 2023 መረጃ መሠረት የአገሪቱ ዴንታል አሲስታንቶች መካከለኛ ክፍያ በዓመት 46,540 ዶላር፣ በሰዓት ሲሰላ 22.38 ዶላር ነበር። መካከለኛ ሲባል ግን ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ከላይ ካሉት ውስጥ አሥርና ሃያ ዓመት ከታካሚው ወንበር አጠገብ የተቀመጡ አሉበት። በዋሽንግተን ዙሪያ ክፍያው ከአገሪቱ መካከለኛ ከፍ ስለሚል ጀማሪ ሆኖ 22 ዶላር ማግኘት ይቻላል። “ከዚያ በታች አትጀምሪም” ብሎ ቃል መግባት ግን የትምህርት ቤቱ ሥልጣን አይደለም፤ ደመወዝሽን የሚወስነው የሚቀጥርሽ ሐኪም ነው።

ሳይነግሩሽ የቀሩት ሰዓቱን ነው። ብዙ የጥርስ ክሊኒኮች በሳምንት አራት ቀን ብቻ ይከፍታሉ፤ ሰዓቱ ከ32 እስከ 36 ቢሆን ነው። ታካሚ ቀጠሮ ሲሰርዝ ደግሞ “ዛሬ በጊዜ ሂጂ” ትባያለሽ፤ ያ ሰዓት አይከፈልም። እስቲ ወረቀት አውጪና አብረን እናስላው። 22 በ34 ሲባዛ በሳምንት 748 ዶላር ነው። ያንቺ 19 በ40 ሲባዛ 760 ይመጣል። በሰዓት 3 ዶላር ተጨምሮልሽ በሳምንት 12 ዶላር ጎደለብሽ ማለት ነው።

ኢንሹራንሱን ገና አልነካነውም። የሙሉ ሰዓት ሠራተኛው ከ50 በታች የሆነ ቀጣሪ የጤና ኢንሹራንስ እንዲሰጥ የፌዴራል ሕግ አያስገድደውም። አንድ ወይም ሁለት ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ደግሞ አሥር ሠራተኛ ካለው ብዙ ነው። የራስሽን ጥርስ በነፃ ያክሙልሽ ይሆናል፤ የአራት ሰው የጤና ኢንሹራንስ ግን ከብዙዎቹ አታገኚም። ስለዚህ ለመወሰን ከመቸኮልሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ አሁን ከደመወዝሽ ለኢንሹራንስ በወር ስንት ይቆረጣል? ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ባይኖር በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ገበያ ላይ ለአንቺና ለባለቤትሽ በገቢያችሁ መጠን ስንት ይመጣባችኋል? ልጆቹ ሌላ ኢንሹራንስ ከሌላቸውና ገቢያችሁ ከፈቀደ ፋሚስ በሚባለው የቨርጂኒያ የልጆች ፕሮግራም ሊታቀፉ ይችላሉ። ባለቤትሽ ዝም ያለው ምናልባት ይህን ሁሉ በልቡ እየደመረ ይሆናል። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ይህን ያልንሽ ተስፋ ልናስቆርጥሽ አይደለም። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ደመወዝ የሚያጓጓ ባይሆንም መንገዱን ላወቀችበት ያድጋል። የሚያሳዝነው ብዙዎች ዓመት ሲቆጠር ደመወዙም አብሮ የሚያድግ እየመሰላቸው ባሉበት መቅረታቸው ነው። ደመወዙን የሚያነሣው የያዝሽው ፈቃድና የምትችይው የሥራ ዓይነት ነው።

አንድ ነገር እወቂ። ቨርጂኒያ ውስጥ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ዴንታል አሲስታንት አንድ በሚባለው፣ ለመሥራት በጥርስ ሕክምና ቦርዱ መመዝገብም ሆነ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት መያዝ ግዴታ አይደለም። ሐኪሙ ራሱ ቀጥሮ ሊያሠለጥንሽ ይችላል። ራጅ ለማንሳት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚያ ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ዳንቢ የሚባለው የዴንታል አሲስታንቶች ብሔራዊ ቦርድ የሚሰጠውን የጨረር ደኅንነት ኮርስ ጨርሶ ፈተናውን ማለፍ ነው። ሌላው ዕውቅና ባለው የጥርስ ሕክምና፣ የሃይጂን (የጥርስ ጽዳት ሙያ) ወይም የአሲስቲንግ ትምህርት ቤት የጨረር ደኅንነት ኮርስ ወስዶ መፈተን ነው። ራጅ የማታነሣ ረዳት ለክሊኒኩ ግማሽ ሠራተኛ ናት፤ ታካሚ በመጣ ቁጥር ሌላ ሰው መጥራት አለባት። የመጀመሪያው ጭማሪ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ 5,500 ዶላሩ እንመለስ። ኮዳ የሚባለው የጥርስ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካል አንድን የአሲስቲንግ ፕሮግራም የሚቀበለው ቢያንስ 900 የትምህርት ሰዓት ሲኖረው ነው፤ ከዚያ ውስጥ 300ው ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ልምምድ መሆን አለበት። አሥራ ሁለት ቅዳሜ በቀን 8 ሰዓት ቢሆን 96 ሰዓት ነው። ከንቱ ነው አንልሽም። የመሣሪያዎቹን ስም ታውቂበታለሽ፣ እጅሽን ታፍታቺበታለሽ፣ ልምምድ የምትወጪበት ክሊኒክ ካገኙልሽ ለመቀጠር በር ይከፍትልሻል። ነገር ግን ሕጉ የማይጠይቅሽን፣ አንዳንድ ሐኪም ደመወዝ እየከፈለ የሚያስተምርሽን ነገር ለመኪና ጥገና በተቀመጠ ገንዘብ መግዛት ይከብዳል።

ከራጁ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ሲዲኤ የሚባለው የዳንቢ ሰርተፍኬት ነው። ሦስት ፈተና አለው፤ አንዱ የጨረር ደኅንነት፣ ሁለተኛው የኢንፌክሽን ቁጥጥር፣ ሦስተኛው ወንበር አጠገብ የሚሠራው ሥራ። ኮዳ ዕውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት የወጣ በቀጥታ ይፈተናል። በሥራ የተማረ ደግሞ 3,500 ሰዓት ሠርቶ፣ ያንንም ከሁለት ዓመት ባላነሰ ከአራት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አሟልቶ ይፈተናል። በሳምንት 34 ሰዓት ብትሠሪ ሁለት ዓመት አለፍ ሲል ትደርሻለሽ ማለት ነው። የደመወዝ ወረቀቶችሽን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አስቀምጪ። ሰዓቱን ቀጣሪሽ ነው የሚያረጋግጥልሽ፤ ክሊኒኩ ከተሸጠ ወይም ሐኪሙ ጡረታ ከወጣ ፈራሚ ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። ሲዲኤ ከያዝሽ በኋላ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደሽ በቦርዱ ስትመዘገቢ ዴንታል አሲስታንት ሁለት ትሆኛለሽ። ያኔ ሐኪሙ ቆፍሮ ያዘጋጀውን ጥርስ አንቺ ሞልተሽ ቅርጽ ታስይዢዋለሽ። ይህን የምትሠራ ሰው ሐኪሙን ለሌላ ታካሚ ነፃ ስለምታደርገው ደመወዝ ስትደራደር የምትለው ነገር አላት።

የክሊኒኩ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ቤቶች ከተራው ክሊኒክ የተሻለ የመክፈል ልማድ አላቸው፤ ደምና ማደንዘዣ ግን ይበዛል። ብሬስ የሚሠሩት ጋ ሥራው ይደጋገማል፣ ሰዓቱ ግን አይዋዥቅም። ኢንሹራንስ ለሚያስጨንቀው እንዳንቺ ላለ ሰው የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችና ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች ይሻላሉ። ጤና ጣቢያዎቹ አማርኛሽንም ይፈልጉታል፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጥርሷን እንዴት እንዳመማት በራሷ ቋንቋ የምታስረዳው ሰው የምትፈልግ እናት ብዙ ናት። መንግሥትም ዴንታል አሲስታንቶችን በፌዴራል የደመወዝ እርከን ይቀጥራል፤ ከእናንተ የማይርቀው ፎርት ቤልቮር ያሉትን የመሰሉ የጦር ሠራዊት ክሊኒኮች አሉ። የፌዴራል ቅጥር አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ስለሚጠይቅ፣ አምስት ዓመትሽ ሲሞላ ማመልከቻውን አታዘግዪው።

ወደ አክስትሽ እንምጣ። ከነርሲንግ ጋር ማወዳደር ካስፈለገ በጥርሱ በኩል ትክክለኛዋ አቻ ጥርስ የምታጸዳውና ድድ የምትመረምረው ዴንታል ሃይጂኒስት ናት። በዚያው በ2023 መረጃ የሃይጂኒስት መካከለኛ ክፍያ 87,530 ዶላር፣ የተመዘገበች ነርስ 86,070 ዶላር ነበር። ገንዘቡ ተቀራራቢ ነው። ነርስ የሌሊት ሺፍትና ኦቨርታይም አላት፤ ሃይጂኒስት ማታ ቤቷ ናት። ከእናንተ አጠገብ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የኖቫ ኮሌጅ የሕክምና ካምፓስ የሃይጂን ትምህርት ይሰጣል። ሆኖም “አሲስታንት ሆኜ ቀስ በቀስ ሃይጂኒስት እሆናለሁ” ብለሽ እንዳትገቢ። የረዳትነት ዓመታት ለሃይጂን ትምህርት ክሬዲት ሆነው አይቆጠሩም። እንደ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ያሉትን ኮርሶች ጨርሰሽ፣ ተወዳድረሽ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው የምትገቢው። ሃይጂን የልብሽ ከሆነ የመጀመሪያው 5,500 ዶላር ወደዚያ ኮርሶች ቢሄድ ይሻላል።

ዲግሪሽን በሚመለከት ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መደበኛው ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ነፃ ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ቢሆንም ያው ነው። “አትጻፊው፣ ማን ያውቃል” የሚል ምክር ከሰማሽ አትቀበዪ፤ ኋላ የተሰጠሽን መልሺ የሚያሰኝ ዕዳ ነው። በሌላ በኩል የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ፋስት ፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ለአጫጭር የሙያ ኮርሶች ከነዋሪው የሚቀበሉት የክፍያውን ሲሶ ብቻ ነው፤ ካቋረጥሽ ግን ሌላ ሲሶ ትከፍያለሽ። ዴንታል አሲስቲንግ በአቅራቢያሽ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ ደውለሽ ጠይቂ። ጂ ስሪ የሚባለውን ድጎማም አንሺና ዲግሪ መያዝሽ ይከለክልሽ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያቸው።

እንግሊዝኛው የምትፈሪውን ያህል አይሆንብሽም። ወንበሩ አጠገብ የሚነገረው ቋንቋ ጠባብ ነው። አሜሪካኖች ጥርስን ከ1 እስከ 32 ይቆጥራሉ። 1 ከላይ በታካሚው ቀኝ መጨረሻ ያለው የጥበብ ጥርስ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ዞረው 16 ላይ ይደርሳሉ፣ ታች ወርደው ከ17 ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። ገጾቹ ደግሞ በየፊደላቸው ይጠራሉ፤ ኤም የፊት ጎኑ፣ ዲ የኋላ ጎኑ፣ ኦ ማኘኪያው፣ ቢ የጉንጭ በኩሉ፣ ኤል የምላስ በኩሉ። ሐኪሙ “ሠርቲ (30)፣ ኤም ኦ ዲ ኮምፖዚት” ካለ፣ የታችኛው ቀኝ ትልቁ የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ከፊት ጎኑ እስከ ኋላ ጎኑ ማኘኪያውን ይዞ በነጭ መሙያ ይሞላል ማለቱ ነው። ይህን በባዶ ወረቀት ላይ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ብትለማመጂው ቶሎ ቶሎ የሚያወራው ሰው ቀስ ያለ ይመስልሻል። የባንክ ሰው ስለሆንሽ ቁጥርና ፊደል መዝግቦ አለመሳሳት ደግሞ ያደግሽበት ነው።

ስለ “ረዳት”ነት እንነጋገር። ቅር ማለትሽ አይገርምም፤ ስምሽ የተጻፈበት ጠረጴዛ ትተሽ ነው የመጣሽው። ግን ያ መሙያ ሲገባ ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ነጩ መሙያ ጥርሱ ላይ የሚጣበቀው ጥርሱ ተዘጋጅቶ ከምራቅ ከተጠበቀ ነው። ሐኪሙ ዓይኑን ከጥርሱ ሳይነቅል ማጣበቂያውን ሲቀባ፣ የታካሚውን ምላስ በመስታወት ገፍታ፣ ሳክሽኑን ጥርሱ አጠገብ ይዛ ምራቁን የምትመጥጠው ረዳቷ ናት። ለአንድ አፍታ ዓይኗን ብታነሣና ምራቅ ቢደርስበት ላዩ ያማረ ይመስላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ታካሚው ጥርሱ እያመመው ይመለሳል። አክስትሽ ይህን ብታይ ስሙን በሌላ ጆሮ ትሰማው ይሆናል። አንቺም ራስሽን ጠይቂ። የናፈቀሽ ስክራቡ ነው፣ መማሩ ነው ወይስ ይህን የመሰለው የእጅ ሥራ? የሰው ምራቅ፣ ደም፣ የበሰበሰ ጥርስ ሽታ ስምንት ሰዓት ይቻልሻል? ጎንበስ ብለሽ አንገትሽን አዙረሽ ስትውዪ ወገብና ትከሻ ያማል፤ በዚያ ምክንያት ሙያውን የሚለቁ አሉ።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ የፓርኪንጉን ሥራ ሳትለቂ ሙያውን ቅመሺው የሚል ነው። ቅዳሜ ከሚከፍቱ ክሊኒኮች፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት የሐበሻ ሐኪሞች ጀምረሽ፣ “መሣሪያ የሚያጥብና የሚያመክን ሰው ትፈልጋላችሁ?” ብለሽ ጠይቂ። ይህ የረዳትነት ሥራ ግማሽ አካል ነው፣ ልምድም አይጠይቅም። መሣሪያው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወረቀትና ፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ አውቶክሌቭ የሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ይገባል። በተለመደው ዓይነት በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ 30 ደቂቃ ይቆያል። ጀማሪ የምትሳሳተው ጊዜ ለመቆጠብ ከረጢቶቹን አጣባ ስትከምር ነው። እንፋሎቱ መሃል አይደርስም፣ ከረጢቱም እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ የረጠበ ከረጢት ጀርም ስለሚያስገባ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። መቀስና ጉጠት የመሰለው ሁሉ ተከፍቶ ይግባ። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን መቀየሩ ሙቀት እንዳገኘው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ጀርሙ መሞቱን የሚያረጋግጠው በየሳምንቱ ሙቀት በሚቋቋም ጀርም የሚደረገው የስፖር ምርመራ ነው። ክሊኒኩ ይህን ምርመራ የማያደርግ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

በገባሽበት ቦታ ሁሉ የሚከተሉትን መብቶችሽን ያዢ። ደም የሚነካ ሥራ ላይ የተመደበ ሠራተኛ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የጉበት በሽታ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት በነፃ ሊቀርብለት ይገባል፤ የደኅንነት ሥልጠናውም በነፃ፣ በሥራ ሰዓት ነው። “ዎርኪንግ ኢንተርቪው” ብለው አንድ ቀን ሙሉ የሚያሠሩሽ ከሆነ ስንት እንደሚከፍሉ ቀድመሽ ጠይቂ። በ1099፣ ማለትም እንደ ግል ተቋራጭ፣ እንክፈልሽ ካሉሽ አትቀበዪ። ሰዓትሽንና ሥራሽን እነሱ እየወሰኑ ተቋራጭ ልትሆኚ አትችይም፤ 15.3 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብርም ሁሉ በአንቺ ላይ ይወድቃል።

ስምንት ወይም አሥር ቅዳሜ ከሠራሽ በኋላ ወገብሽም፣ ልብሽም ይነግሩሻል። ያኔ የራጁን ፈቃድ በራስሽ ወጪ ወይም በክሊኒኩ ወጪ ታወጪና ኢንሹራንስ ያለው ቦታ ሲገኝ ፓርኪንጉን ትለቂያለሽ።

የ500 ዶላሩ ቀን እስኪደርስ ግን ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል አራት ጥያቄ ላኪ። በቨርጂኒያ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት የተፈቀደላችሁ ናችሁ ወይ? የራጅ ኮርሳችሁ የቨርጂኒያን መስፈርት ያሟላል ወይ? ልምምዱ በየትኛው ክሊኒክ፣ ስንት ሰዓት ነው? ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል? በጽሑፍ ከመለሱልሽ መልሱን ለባለቤትሽ አሳዪውና አብራችሁ ተነጋገሩበት። በስልክ “ችግር የለም፣ ነይ ብቻ” ካሉሽ 500ው ዶላር ለመኪናው ይቀመጥ።